ባለ ሃምሳ ሁለቱ ክዳን

ወሰንየለሽ ሱቁን የምትከፍተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መጀመሪያ የቆርቆሮ መዝጊያዎቹን አንስታ ከግድግዳው ታስደግፋለች፤ ቀጥላ ደጁን ትጠርጋለች፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ የፊት መስታወቱን ትወለውላለች። ቦንጋ ጭጋጓን የምትገፈው ቀስ ብላ ስለሆነ መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። ያን ዕለትም፣ ኅዳር 2002 በገባ በመጀመሪያው ዓርብ፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ አደረገች። ባትሪዎቹን በየመጠናቸው ደረደረች፤ የአልበሞቹን አቧራ አራገፈች፤ መስታወቱ ውስጥ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ጥቁር ክብ ክዳን አንስታ ሥሯን ጠረገች፤ መልሳም በቦታዋ አኖረቻት።

ክዳኗ የካሜራ ሌንስ መክደኛ ናት። ስፋቷ ከሻይ ብርጭቆ አፍ አይበልጥም። በውስጥ በኩል ነጭ ቁጥር ተጽፎባታል፤ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሁለት ሚሊ ማለት ነው። ቦንጋ ውስጥ ይህችን ክዳን ይፈልግ የነበረው ካሜራ አንድ ብቻ ነው።

አባቷ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ፤ ከባንኮኒው ኋላ ካለችው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ሬዲዮውን ከፈቱ። ከወልቂጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የፊልም ዘመን ሲያልፍ ፎቶ ቤቱን የካሜራና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ አደረጉት። ግድግዳው ላይ ግን ያነሷቸው ሙሽሮች እስካሁን አሉ፤ ከሙሽሮቹ መካከል የወሰንየለሽ እናት አለች፤ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።

"እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ" አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ከሬዲዮው ሳያነሱ።

እነማን እንደሚመጡ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጅማ ላይ ሁለት መጋዘን ያላቸው ወዳጆቻቸው ለልጃቸው ለአባተ ሽማግሌ ከላኩ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ መልሱ ለእሑድ ተቀጥሯል። አባተ ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ጊዜ አግኝታዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሲሚንቶ ነግሯታል። እሺ በይ ብሎ ያስገደዳት የለም፤ እምቢ የምትልበት ምክንያት ግን አጥታ ነበር። ምክንያት ይሆናት የነበረው ሰው ድምፁን ካጠፋ ሦስት ወር አልፎታል።

"እሺ፣ አባባ" አለች።

ከመንገዱ ማዶ እትዬ ዙፋን የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተዋል። እትዬ ዙፋን ሲሰፉ እግራቸው አያርፍም፣ ሳይሰፉ ደግሞ ዓይናቸው። መስታወቱን በመወልወል ልትጨርሺው ነው ወይ ብለው ጠሯት፤ ስትጠጋቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትናንት የማንኪራውን ልጅ ፈለቀን በሚሠራበት ቢሮ በር ላይ እንዳዩት ነገሯት። የወሩን ፎቶ ሊያስረክብ መጥቶ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ወደተመደበባት ወደ ደካ ይመለሳል። በሱቁ ደጅ ማለፍ ሲችል በላይኛው መንገድ ዞሮ ሄደ።

"በዚያ ጭቃ" አሉ እትዬ ዙፋን። "እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲሰምጥ አየሁት። ሰው እንዲህ የሚዞረው ውሻ ፈርቶ ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ ውሻ የለም።" ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ቀና ብለው አዩዋት።

ወሰንየለሽ በእጇ የያዘችውን ጨርቅ አጠፈችው፤ እንደገና አጠፈችው። የማይታጠፍ እስኪሆን ድረስ አጥፋ ጨበጠችው።

*

ፈለቀ ወደ ሱቁ መጀመሪያ የመጣው ባለፈው ሰኔ ነበር። ማንኪራ የተወለደ፣ አባቱ ቀፎ ሰቅለው ማር ቆርጠው ያሳደጉት፣ ጅማ ተምሮ የተመለሰ ልጅ ነው። የጫካ ቡና የሚመዘግብ አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮት እነዚያኑ የቡና ዛፎች በየወሩ እየዞረ ፎቶ ያነሳል። ፕሮጀክቱ የሰጠውን፣ ኪስ የምትገባ ዲጂታል ካሜራ ባንኮኒው ላይ አኑሮ ቅሬታውን ዘረዘረ። ጫካው እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ ያብለጨልጫል፤ በዓይኑ አረንጓዴ ያየው ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የሌንሷ መዝጊያ ደግሞ ስለተሰበረ ጤዛውም የንቡ ሰምም መስታወቷ ላይ ያርፋል። ክዳን ይፈልግላታል።

ወሰንየለሽ በአባቷ የጨለማ ክፍል ውስጥ ያደገች ናትና የካሜራ ነገር ታውቃለች። ረጋ ብላ አስረዳችው። እንዲህ ያለች ትንሽ ካሜራ ስትከፈት ሌንሷ ወደ ፊት ይወጣል፣ ስትዘጋ ይገባል፤ በሌንሱ ላይ በቀጥታ ክዳን ቢደረግባት፣ ተረስቶ የተከፈተች ቀን ሞተሯ ክዳኑን ሲገፋ ይቃጠላል። መፍትሔው አዳፕተር የሚሉት አጭር ቱቦ ነው። አንደኛው አፉ የሌንሱን ዙሪያ ይዞ ከካሜራዋ ጋር ይገጥማል፤ ሌላኛው አፉ ክዳኑንና ፊልተሩን ይቀበላል። እሱ ከሌለ ሁለቱም የትም አይገጥሙም።

"ደላላ ነው በይኛ" አለ ፈለቀ።

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ከወንበራቸው ላይ ሳል አሉ። ሳቋን ዋጠችው።

ከዚያ የፊልተር ምርጫ መጣ። ሁለት ክብ ሳጥኖች አውጥታ ከፈተችለት። አንደኛው ዩቪ ነው፤ ሌንሱን ከአቧራና ከጭረት ይጠብቃል እንጂ የሥዕሉን መልክ እምብዛም አይለውጥም፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ሁለተኛው ፖላራይዘር ነው፤ ነጸብራቅ ይገድላል። እሱ ከአባቷ የፊልም ካሜራ የተረፈ፣ አንድ ለእናቱ የሆነ ዕቃ ነበር። ርካሹን ይወስዳል ብላ ስትጠብቅ፣ ልዩነቱን እንድታሳየው ጠየቃት።

በቃል ማስረዳቱ አልሆን አላት። ስለዚህ ፖላራይዘሩን አስይዛ ወደ ውጭ ላከችው፤ ከፊት መስታወቱ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቆሞ፣ ፊልተሩን ባንድ ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ እንዲያዞረው ነገረችው። ያየውን ኋላ በደብዳቤ ጻፈላት። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ያየው ሰማዩን ነበር፣ የምታልፈውን ባጃጅና የእትዬ ዙፋንን የተሰቀሉ ቀሚሶች። ሲያዞረው ሰማዩ ሟሟ፤ ባጃጇም ቀሚሶቹም ጠፉ። ከመስታወቱ ኋላ ቆማ የምታየው እሷ ብቻ ቀረች።

ፊልተሩን ከዓይኑ ቶሎ አላወረደም። እሷም ዞር ማለት ነበረባት፤ አልዞረችም።

ተመልሶ ሲገባ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ይሄኛው ይሁን።"

አዳፕተሩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ፊልተሩን በጣቱ ከሌንሱ ፊት ይዞ ያነሳ ጀመር። ስለዚህ ፊልተሩ በየሳምንቱ ይቆሽሻል፤ በየሳምንቱም ለማጽዳት ያመጣዋል። አንድ ቀን ክቡን ሳጥን ስትከፍት ከስፖንጁ ሥር የታጠፈች ወረቀት አገኘች። በማር እጅህ አትንካው ብለሽኝ ነበር፤ የነካው ንብ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ትላለች። ወሰንየለሽ ንቧን አምጣትና እመክራታለሁ ብላ ጽፋ በዚያው ሳጥን መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ፖስታ ቤታቸው ሆነ። ባንኮኒው ላይ፣ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ባሉበት፣ ከባትሪ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። የማር ቆራጭ ልጅ በነጋዴ ቤት ደጅ እስከ ምን ድረስ እንደሚቆም ሁለቱም ያውቁት ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ግን ደጅ አልነበረም።

*

አዳፕተሩን ለማዘዝ የካሜራዋ አፍ ልክ ያስፈልግ ነበር። ፈለቀ ጫካ ስለነበረ ልኩን ለገበያ ከሚወርዱ ሴቶች ባንዷ እጅ ላከላት፤ በሌንሱ ዙሪያ የዞረ፣ ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ ክር። አባቱ ለቀፎ የሚሆን ግንድ ሲመርጡ ውፍረቱን በሐረግ ለክተው ነው፤ እሱም የቤቱን ልማድ ተከተለ። እሷ ክሩን በማስመሪያ ላይ ዘርግታ አሰላችና መርካቶ ላለው አከፋፋያቸው፣ ለከሚል፣ በስልክ አዘዘች። አዳፕተሩና ክዳኗ ነሐሴ ላይ አብረው መጡ።

ፈለቀ አዳፕተሩን ወሰደ። ክዳኗን ግን፣ አዳፕተሩ መግጠሙን ስታረጋግጥ መጥተህ ትወስዳታለህ ብላ መስታወቱ ውስጥ አስቀረቻት። ዋናው ምክንያት ይህ አልነበረም። አንድ ጊዜ የሚመለስበት ሰበብ እንዲኖረው ፈልጋ ነው።

በዚያው ሳምንት ወሰንየለሽ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ወደ ጅማ ሄደች። ዓርብ አመሻሽ ላይ ስትመለስ አባቷ እንደ ማንኛውም የሱቅ ወሬ አድርገው ነገሯት። የማንኪራው ልጅ አዳፕተሩን አልገጠመም ብሎ መልሶታል፤ ፊልተሩም አብሮ አለ ብሏል፤ ማክሰኞ በወጣው አውቶቡስ ለከሚል ልከውለታል።

በዚያ ሱቅ የተመለሰ ዕቃ አይከፈትም። እንደታሸገ በሲባጎ ይታሰርና ወደ መርካቶ ይሄዳል፤ ነካክታችሁታል የሚል ክርክር እንዳይመጣ። ሠላሳ ዓመት የኖረ ሕግ ነው፤ ወሰንየለሽም ራሷ ስትፈጽመው የኖረች ናት። ያን ምሽት ያሳሰባት ሌላ ነበር። አዳፕተር ሳይገጥም ሲቀር ይመለሳል። ፊልተሩ ግን ምን በደለ? ደብዳቤ የሚመላለስበት ሳጥን ከነፊልተሩ ከተመለሰ፣ በሳጥኑ የመጣው ነገር ሁሉ ተመለሰ ማለት ነው። እንዲህ ተረዳችው።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁን እንደከፈተች ክዳኗን ከመስታወቱ ውስጥ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ጨመረቻት። ከጥቂት ቀን በኋላ ፈለቀ ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ላይ መመደቡን ሰማች። ሳይሰናበታት ነው የሄደው።

መስከረም ላይ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ለዓውደ ዓመት ሱቁን ሲያስተካክሉ ክዳኗን አገኟት፤ መሳቢያ ውስጥ ያለ ዕቃ አይሸጥም ብለው መልሰው መስታወቱ ውስጥ አኖሯት። ምክንያቱን ተናግራ ልትከራከራቸው አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ታነሳታለች፣ ሥሯን ትጠርጋለች፣ ትመልሳታለች። ሐዘን አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ቦታ ይሰጡትና አቧራውን እየጠረጉለት ይኖራሉ።

*

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ትናንት በአውቶቡስ የመጣውን የከሚልን ካርቶን ከፈተች። ባትሪ፣ የሬዲዮ ገመድ፣ የሞባይል ቻርጀር። ከሁሉ ሥር በሲባጎ የታሰረ ጥቅል ነበር። በሲባጎው ላይ ለአባቷ የተጻፈ ማስታወሻ ተሰክቷል።

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አዳፕተሩን ደንበኛው ካርቶኑ ላይ በጻፈው የካሜራ ቁጥር አይቼ በሚገጥመው ቀይሬዋለሁ፤ ዕቃው እስኪመጣ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ፊልተሩ ግን የእኔ ዕቃ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ ወረቀት አለ። የንግድ ወረቀት መስሎኝ ገለጥሁት፤ የመጀመሪያውን ቃል አይቼ ዘጋሁት። ከሚል።

ክቡ ሳጥን እጇ ላይ ነበር። ስፖንጁን አነሳች። የመጀመሪያው ቃል ስሟ ነው።

"ወሰንየለሽ፣

አዳፕተሩ አልገጠመም። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሌንሷ ዙሪያ ያለው ቀለበት እንደሚፈታ ነግረሽኝ ነበር፤ እኔ ግን ሳልፈታው በላዩ ለካሁት። አባቴ ልጣጩ ያልተላጠ ግንድ አይለካም ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ።

ደካ ተመድቤያለሁ። ለዓመት ነው ይላሉ፤ ለሁለትም ሊሆን ይችላል። ከመሄዴ በፊት የምጠይቅሽ ነገር ነበረኝ። በአፌ ልጠይቅሽ ሁለት ጊዜ መጥቼ ሁለቱንም ጊዜ ባትሪ ገዝቼ ተመለስሁ። አሁን ስምንት ባትሪ አለኝ።

ፈቃድሽ ከሆነ አጎቴን ከሽማግሌ ጋር ወደ አባትሽ እልካለሁ። እንደማይቀለን አውቃለሁ። ካንቺ ቃል በፊት ግን የማንንም ደጅ አላስመታም።

ቅዳሜ ጠዋት በሱቃችሁ ፊት አልፋለሁ፤ አልገባም። ክዳኗ መስታወቱ ውስጥ ካለች፣ ፈቅዳለች ብዬ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ካነሳሻት ግን ገብቶኛል፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት እንዳይከብድሽ ከዚያ በኋላ በላይኛው መንገድ ነው የምሄደው።

ፊልተሩን የመለስሁት ደብዳቤ የሚገባበት ሌላ ዕቃ ስለሌለኝ ነው። አጽጂና ላኪልኝ።

ፈለቀ"

ሁለት ጊዜ አላነበበችውም። አንዱ ጊዜ በቅቷታል። ያቺ ቅዳሜ ጠዋት ታየቻት፤ ክዳኗን ስታነሳ፣ መሳቢያውን ስትዘጋ፣ ከዚያ ደግሞ ባዶውን ቦታ ሳይቀር ስትወለውል። ምናልባት ያን ጊዜ እሱ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ምናልባት ስታነሳት አይቷል። ማንም ሳይጠይቃት፣ ጥያቄውን ሳታየው፣ በገዛ እጇ መልሳለታለች።

*

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ቀና አሉ። ልጃቸው ካርቶኑ ፊት ከተንበረከከች ቆይታለች። ምን ጎደለ ብለው ጠየቁ፤ የጎደለ ዕቃ ያለ መስሏቸው።

ተነስታ የከሚልን ማስታወሻ ባንኮኒው ላይ አኖረችላቸው። ደብዳቤውን አልሰጠቻቸውም፤ አልደበቀችውምም። መነጽራቸውን አድርገው ማስታወሻውን አነበቡት። ልጃቸው እጅ ላይ ያለውን ክብ ሳጥን አዩ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ክዳን አዩ፣ ሲባጎውን አዩ።

"አባባ" አለች። "የእሑዱን መልስ እኔን ጠይቀውኝ ነበር። ለጅማዎቹ አልፈቀደችም ይበሏቸው።"

"ለማር ቆራጭ ልጅ ብለሽ ነው?"

"ለፈለቀ ብዬ ነው።"

ሬዲዮው ስለ አንድ ስብሰባ ያወራ ነበር። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት። ሱቁ ዝም ሲል ከማዶ የእትዬ ዙፋን የስፌት መኪና ብቻ ተሰማ። እሱም ቆመ።

"ይሄን ያሰርሁት እኔ ነኝ" አሉ፤ ሲባጎውን በጣታቸው እየነካኩ። "ቋጠሮው የእኔ ነው። ልጁ እዚህ ቆሞ ፊልተሩም አብሮ አለ ሲለኝ፣ ደጋግሞ አለኝ። ሦስት ጊዜ። ምን ነካው ብዬ ነበር።"

ፈለቀ ስሟን በአባቷ ፊት ማንሳት አፍሮ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ለልጅዎ ይስጡልኝ የሚለው ቃል አልወጣውም፤ በዚያ ፈንታ ፊልተሩን ሦስት ጊዜ ጠራው።

አባቷ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ከሙሽሮቹ መካከል ወዳለችው ሙሽራ። "ያኔ ካሜራ ተሸክሜ ልጠይቃት ስሄድ፣ ወንድሞቿ የፎቶ አንሺ ሚስት ምን ትበላለች አሉኝ።"

"ምን መለሱላቸው?"

"እኔ አይደለሁም የመለስሁት። እሷ ናት።" ምን ብላ እንደመለሰች አልነገሯትም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ ጠዋት የጠረጉትን። "የደካው መኪና የሚነሳው ሦስት ሰዓት ነው" አሉ። "ሩብ ጉዳይ ሆኗል።"

ክዳኗን ከመስታወቱ ውስጥ አነሳች። አዳፕተሩንና ፊልተሩን ይዛ፣ የሱቅ ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች። እትዬ ዙፋን ከበረንዳቸው ሆነው በሽርጥ ነው እንዴ የምትሄጂው አሏት፤ ወዲያው ደግሞ ራሳቸው ለምታልፈው ባጃጅ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙላት። ወደ መናኸሪያው ስትወርድ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ በላይኛው መንገድ ያለውን ጭቃ፣ ሦስት ወር ሙሉ።

*

ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ መናኸሪያው እንደ ቅዳሜ በገበያተኛ አልተሞላም። የደካው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ጆንያና ዶሮ ጭኖ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር የመኪናው መስኮቶች ሁሉ ሰማይ ሆነዋል። ከአንዱ እስከ ሌላው ደመና ብቻ። ውስጥ ማን እንዳለ አይታይም።

ስሙን ጠርታ መጮህ አልሆነላትም። ያደገችበት ከተማ ነው፤ በመናኸሪያ መካከል የወንድ ስም የምትጣራ የጋሽ ገብረ ኢየሱስን ልጅ ለመስማት የሚቆም ሰው ብዙ ነበር። የቆመችውም በር ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው። ክቡን ሳጥን ከፈተች። ፖላራይዘሩን አውጥታ በዓይኗ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች አዞረችው።

ከመጀመሪያው መስኮት ላይ ደመናው ሟሟ፤ ሕፃን ያቀፈች ሴት ታየች። ከሁለተኛው ላይ ሟሟ፤ ሽማግሌ ራሳቸውን አስደግፈው ተኝተዋል። ከሦስተኛው ላይ ሟሟ።

ፈለቀ እያያት ነበር። ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ ሲያያት የቆየ ይመስላል። ከስቷል። ፊልተሩን ስታዞር አይቶ ምን እያደረገች እንደሆነ ስለገባው እጁን ከአፉ ላይ አድርጓል፤ ሰው ሊስቅ ሲል ወይም ሊያለቅስ ሲል እንደሚያደርገው።

ፊልተሩን አላወረደችም። ብታወርደው ሰማዩ ተመልሶ ይሸፍነዋል።

መስኮቱን ወደ ጎን ገፍቶ የከፈተው እሱ ነው። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

"ያን ቅዳሜ አልፌ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ። ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ነው።"

"አልነበረችም።"

"እኔ ነኝ ያነሳኋት። ደብዳቤው እጄ ሳይገባ።" ሳጥኑን አሳየችው። "ጅማ ነበርሁ። አባባ ሳይከፍቱት ለመርካቶ ላኩት። እኔ ስመለስ የሰማሁት ፊልተሩን መለሰ የሚል ነው። የሚከደን ነገር ከሌለ ክዳን ምን ያደርጋል ብዬ አነሳኋት።"

ከፈለቀ ኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታለች።

"መርካቶ" አለ ፈለቀ። "አባቴ ግንዱን ሳትልጥ ለካህ ብሎ ሲስቅብኝ፣ ከዚያ የባሰ ስህተት ያለ አልመሰለኝም ነበር። ደብዳቤዬ መርካቶ ሦስት ወር ተቀምጦ።" ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "የጅማዎቹን ነገር ሰምቻለሁ።"

"መልሱ እሑድ ነው የነበረው። ሰጥቻለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

ክዳኗን በመስኮቱ አቀበለችው። መዳፉ ውስጥ ስታኖራት ጣቶቿ ቶሎ አልተመለሱም። "የአንተ ይሄ ነው" አለች። "ከመንገድ ማዶ ሆነህ አታየውም። ያዘው።"

ካሜራዋን ከደረት ኪሱ አወጣት። አፏ በቢጫ የላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ፣ ክዳኑ በክር ከማንገቻዋ ጋር ታስሯል። የማር ዕቃ ክዳን ነው፤ እናቱ ጠርዙን ቆርጣ፣ ውስጡን በጨርቅ ለብጣ የሠራችለት። ወሰንየለሽ አይታው ሳቀች፤ ከነሐሴ ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ንቦቹ ይወዱታል አላት፤ ፎቶ ባነሳ ቁጥር መጥተው ያርፉበታል።

የኋላይቱ ሴትዮ በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አለች፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቦንጋ ተወልዳ ያደገችው ወሰንየለሽ ሰምታታለች። የክዳኗ ባለቤት ሰፈሩን ለቅቃ እዚህ ድረስ ከመጣች አንተ ምን ትጠብቃለህ፣ ወይ ውረድ ወይ መስኮቱን ዝጋልን፣ በረደን ነው ያለችው።

ፈለቀ ቦርሳውን አንስቶ ወረደ። ሥራው የሚጀምረው ሰኞ ነው፤ እሑድም መኪና አለ። ማንኪራ በእግር ሄዶ ለአጎቱ ዛሬውኑ ይነግራል፤ ሽማግሌዎቹ ነገ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ደጅ ይቆማሉ። አባትሽ ያባርሯቸው ይሆን ብሎ ጠየቃት። እንደማታውቅ ነገረችው፤ የመኪናውን ሰዓት የነገሩኝ ግን እሳቸው ናቸው አለችው።

የደካው ቅጥቅጥ ከአጠገባቸው ተነስቶ ሄደ። ሁለቱም አላዩትም። ቀለበቱን ፈቱ፤ አዳፕተሩን በቦታው አዞሩት፤ ፊልተሩን ከላዩ አሰሩ። ክዳኗን የገጠመችው እሷ ናት። ትንሽ ድምፅ አሰማች፤ ከዚያ ጸጥ አለች።

*

ወደ ሱቁ የተመለሰችው በእግሯ ነው፤ በታችኛው መንገድ። የማር ዕቃው ክዳን በሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። እትዬ ዙፋን አንዳች አልጠየቋትም፤ ፊቷን አይተው ጨርቃቸውን ወደ መርፌው መለሱ።

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ካርቶኑን አስተካክለው፣ ባትሪዎቹን ደርድረው ጨርሰዋል። ሲባጎውን ፈትተው ጠቅልለው ባንኮኒው ላይ አኑረውታል።

"ገጠመ?" አሉ።

"ገጠመ፣ አባባ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ሬዲዮውን ከፈቱ። ወሰንየለሽ ጨርቋን አንስታ ወደ መስታወቱ ሄደች። ባትሪዎቹ አሉ። አልበሞቹ አሉ። ዩቪ ፊልተሩ በሳጥኑ ውስጥ አለ። ጥግ ላይ፣ በየጠዋቱ ትጠርገው በነበረው ቦታ፣ ባለ ሃምሳ ሁለቱ ክዳን የለም።